የሁለት ሰዓት ቀዶ ሕክምና፣ የአንድ ዓመት ሰብር



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ወጣቶቻችን በአደባባይ የማያወሩት፣ በውስጥ መስመር ግን ደጋግመው የሚጠይቁት ነው፤ የአፍንጫ ቀዶ ሕክምና። ጥያቄው በሁለት መልክ ይመጣል። አንዱ «በሸሪዓ ይፈቀዳል ወይ?» የሚል ነው። ሌላው «ለመዳን ስንት ቀን ይፈጃል?» የሚል ነው። በመጀመሪያው ላይ ዑለማዎች ያሉትን ባጭሩ እናስቀምጣለን። በሁለተኛው ላይ ግን ረዘም አድርገን እንቆያለን። ምክንያቱም ይህን ነገር አዳማ ባለው ቤታችን ውስጥ አንድ ዓመት ሙሉ አብረነው ኖረናል። መልሱን ከወዲሁ እንንገራችሁ፦ ነገሩ በቀን አይቆጠርም።

ታናሽ እህታችን የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች ከደረጃ ወድቃ አፍንጫዋ ተሰበረ። ደሙ ቆመ፣ እብጠቱ ጎደለ፣ «ዳነች» ተባለ። ስታድግ ግን አፍንጫዋ ወደ ግራ እንዳዘነበለ ቀረ። በአንዱ ቀዳዳ አየር በደንብ አይገባላትም። ማታ አፏን ከፍታ ስለምትተኛ ጠዋት ጠዋት ጉሮሮዋ ደርቆ ትነሳለች። ትምህርት ቤት ደግሞ ቅጽል ስም አወጡላት። ፎቶ ሲነሳ አንድ ጎኗን ብቻ ታዞራለች፤ ሰርግ ቤት ሁልጊዜ ከኋላ ትቆማለች። ይህን የምንጽፈው በእርሷ ፈቃድ ነው። ከእርሷ በኋላ ለሚያስቡበት ይጠቅማል ብላ ነው የፈቀደችልን፤ አላህ ይቀበላት።

«ችግሩ አፍንጫሽ ላይ ነው ወይስ ስልክሽ ላይ?»

ከመወሰኗ በፊት የምናውቃቸው ኡስታዝ ዘንድ ይዘናት ሄድን። ጉዳዩን በትዕግስት ከሰሙ በኋላ «ልጄ፣ ችግሩ አፍንጫሽ ላይ ነው ወይስ ስልክሽ ላይ?» ብለው ጠየቋት። እሷም አልዋሸችም፤ «ሁለቱም ላይ ነው ኡስታዝ» አለች። ፈገግ ብለው «እንግዲያው ሁለቱን ለያይተን እንያቸው» አሉ።

ያስረዱን እንዲህ ነበር። አላህ (ሱ.ወ) የሰውን ልጅ ባማረ አቋም እንደፈጠረው በሱረቱ አት-ቲን ነግሮናል። ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ሐዲስ ደግሞ የሚነቀሱና ለውበት ብለው ጥርሳቸውን የሚያሳሱ ሴቶች የአላህን ፍጥረት በመለወጣቸው ተወግዘዋል። ስለዚህ ጤነኛ የሆነውን አፍንጫ፣ ስልክ ላይ ያየነውን ሰው ለመምሰል ብቻ ማስቀደድ በቀላሉ የሚታይ ጉዳይ አይደለም።

በሌላ በኩል ዐርፈጃ ኢብኑ አስዐድ (ረ.ዐ) የሚባሉ ሰሓባ አሉ። ከእስልምና በፊት በኩላብ ጦርነት አፍንጫቸውን አጥተው ነበር። የብር አፍንጫ አሠርተው ቢያደርጉ ሸተተባቸው። ያኔ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የወርቅ አፍንጫ እንዲያሠሩ አዘዟቸው። ሐዲሱን አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። አስቡት! ወርቅ ለወንድ ክልክል ነው፤ ጉዳትን ለመጠገን ሲሆን ግን ተፈቀደ። ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ2007 ማሌዥያ ፑትራጃያ ላይ ባደረገው 18ኛ ጉባኤው ይህንኑ መስመር ተከትሏል። የተፈጥሮ ጉድለትን፣ ለምሳሌ የተሰነጠቀ ከንፈርንና ክፉኛ የተጣመመ አፍንጫን፣ እንዲሁም በአደጋ ወይም በበሽታ የመጣን ጉዳት ማስተካከል ይፈቀዳል ብሏል። ስሜትንና ሰውን መምሰልን ተከትሎ መልክ መቀየርን ግን ከልክሏል።

በእኛ አካባቢ ይህ ልዩነት አዲስ ነገር አይደለም። ከወንጂ እስከ ባቱ ባሉት የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ውሃው ፍሎራይድ ስለሚበዛበት ጥርሳቸው ቡናማ የሆነባቸው ስንቶች ናቸው! ጥርሱን የሚያስጠግንን ሰው «ፍጥረት ለወጠ» የሚል የለም። የአፍንጫ ጥገናም ከስልክ ካሜራ ጋር የመጣ አይደለም። የሥጋ ደዌ በሽታ የአፍንጫን ውስጥ እየጎዳ ድልድዩን ያሰምጣል። ሻሸመኔ ለዚህ በሽታ ሕሙማን ሕክምና ከሚታወቁት ከተሞች አንዷ ናት። አዲስ አበባ ያለው አለርት ሆስፒታልም እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው ለእነዚሁ ሕሙማን ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የፊት ጥገና ማለት ከሰው ጋር ተቀምጦ መብላት ማለት ነው፤ ቅንጦት አይደለም።

ኡስታዛችን በመጨረሻ «ለመተንፈስሽና ለተሰበረው ነይተሽ ግቢ፤ ስልኩን ለአላህ ተይው» አሏት። ኢስቲኻራ ሰግዳ ወሰነች።

የመጀመሪያው ሳምንት

ቀዶ ሕክምናው አዲስ አበባ ተደረገ፤ ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ። ስትወጣ አፍንጫዋ ላይ ጠንካራ መደገፊያ ተለጥፎ፣ ውስጡ ተወትፎ ነበር። የምትተነፍሰው በአፏ ብቻ ነው። ሕመሙ እንደፈራነው አልነበረም፤ በታዘዘላት ማስታገሻ ይታገሳል። የከበዳት መታፈኑ ነው።

እብጠቱና ጥቁረቱ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይብሳል። ይህን ቀድሞ ያልተነገረው ሰው ይደነግጣል። የዓይኖቿ ዙሪያ ጠቁሮ ሲያብጥ እናታችን «ልጄን ደብድበው ነው እንዴ የላኩልኝ?» ብላ አለቀሰች። በየተራ እያደርን ጠበቅናት። ራሷ ከፍ እንዲል ሁለት ሦስት ትራስ ደርበን በጀርባዋ እናስተኛታለን፤ ወደ ጎን ስትገላበጥ ቀስ ብለን እንመልሳታለን። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ቀዝቃዛ ጨርቅ ጉንጯ ላይ እናደርጋለን፤ አፍንጫው ላይ ግን ምንም አይጫንም። ምግቧ አጥሚትና ሾርባ ነበር። የቤታችን ቀልደኛ ታናሽ ወንድማችን ደግሞ ለአንድ ሳምንት እንዳይቀልድ ታገደ፤ መሳቅ ያማት ነበርና።

መናፈጥ ክልክል ነው። ማስነጠስ ከመጣ አፍ ተከፍቶ ነው። አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ደም እንዳይረጋ ስለሚያደርጉ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰዱም። አንዲት የጎረቤት እናት ለኸይር አስበው የጥቁር አዝሙድ ዘይት ይዘው መጡ፤ አፍንጫዋ ውስጥ ጠብ እንዲደረግላት። «ሱና ነው እኮ!» አሉን። ጥቁር አዝሙድን እንወዳለን፣ ሐዲሱንም እናምናለን። ሐኪሙን በስልክ ስንጠይቀው ግን ቁስሉ ውስጥ እሱ ካዘዘው የጨው ውሃ በቀር ምንም እንዳይገባ ነገረን። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ታከሙ ብለውናል፤ መታከም ደግሞ የሚያውቀውን መስማት ነው። ለእናታችን ጎረቤት አመስግነን፣ ዘይቱን ለሌላ ጊዜ አስቀመጥነው።

ሱጁድ የሌለበት ሶላት

ስለ አፍንጫ ቀዶ ሕክምና የሚያወሩ ቪዲዮዎች ይህን አይነግሯችሁም። ሙስሊም ግን ከሁሉ በፊት ሊጠይቀው የሚገባው ይህ ነው።

አፍንጫ የመልክ ብቻ ሳይሆን የዒባዳም አካል ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሱጁድ የሚደረግባቸውን ሰባት አካላት ሲዘረዝሩ ግንባርን ጠቅሰው በእጃቸው ወደ አፍንጫቸው አመልክተዋል። በውዱእም ውሃ ወደ አፍንጫ እናስገባለን። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ግን ሐኪሙ ጎንበስ ማለትን ይከለክላል፤ ራስ ዝቅ ሲል ደም ወደ ፊት ይወርዳል፣ መድማትም ሊነሳ ይችላል። መደገፊያው እንዲርስም አይፈልግም።

ዲናችን ለዚህ መልስ አለው፣ አልሐምዱሊላህ። ዒምራን ኢብኑ ሑሰይን (ረ.ዐ) ሕመም ይዟቸው ስለ ሶላት ሲጠይቁ፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ቆመው እንዲሰግዱ፣ ካልቻሉ ተቀምጠው፣ ካልቻሉ በጎናቸው ሆነው እንዲሰግዱ ነግረዋቸዋል። እህታችንም ቆማ ታነባለች፤ ሩኩዕና ሱጁዱን ሐኪሙ የፈቀደላትን ያህል ብቻ ራሷን ዝቅ በማድረግ በምልክት ትፈጽማለች፤ ሱጁዱን ከሩኩዑ በጥቂቱ ዝቅ ታደርገዋለች። በውዱእ ጤነኛውን አካል ታጥባለች፣ መደገፊያው ላይ በረጠበ እጅ ታብሳለች። ተየሙም ይጨመር አይጨመር በሚለው መዝሀቦች ይለያያሉ፤ በሻፊዒይ መዝሀብ ይጨመራል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው ከመታከሙ በፊት የራሱን ሁኔታ ለሚያምነው ዓሊም ያቅርብ።

ሕጉን ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ ልብ ደግሞ ሌላ ነው። በአራተኛው ቀን መግሪብን ሰግዳ ስትጨርስ አለቀሰች። አሟት መስሎን ተሯሯጥን። «ግንባሬን መሬት ማስነካት ናፈቀኝ» አለች። ለዓመታት በቀን አምስት ጊዜ ሱጁድ የምናደርግ ሰዎች፣ ከመካከላችን ሱጁድ ናፍቆት የሚያውቅ ማን ነበር? ለኡስታዛችን ስንነግራቸው አቡ ሙሳ (ረ.ዐ) ያስተላለፉትን ሐዲስ አስታወሷት፤ ባሪያ ሲታመም ጤነኛ ሳለ ይሠራው የነበረው ሥራ ይጻፍለታል። ከሳምንታት በኋላ ሐኪሙ ፈቅዶላት ግንባሯን ቀስ አድርጋ ያሳረፈችበትን ሱጁድ እስካሁን ታወራዋለች። መጀመሪያ ግንባሯን ብቻ፤ አፍንጫዋን ሳትጫን።

ሐኪሙ ጎንበስ እንዳይባል ሲከለክል ስለ ሶላት ላያስብ ይችላል። እናንተው ጠይቁት፦ «ዶክተር፣ ሱጁድ መቼ ነው የምጀምረው?» በሉት። የሚያሳፍር ጥያቄ አይደለም።

መስታወቱ ፊት

በስምንተኛው ቀን መደገፊያው ተነሳ። ሁላችንም ይህን ቀን የመጨረሻ አድርገን ነበር የጠበቅነው። መስታወት ስታይ ግን አፍንጫዋ ከበፊቱ የሰፋ፣ ጫፉ ወደ ላይ የተነሳ ሆኖ አገኘችው። ፊቷ ተለዋወጠ። ሐኪሙ «አሁን የምታዪው እብጠቱን ነው፤ አፍንጫሽን ገና አላየሽውም» አላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓይን ዙሪያ ያለው ጥቁረት በአብዛኛው በሁለት ሳምንት ይጠፋል። ያኔ ሰው ትምህርቱን ወይም የቢሮ ሥራውን ሊጀምር ይችላል። ከባድ ነገር ማንሳትና ስፖርት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይጠብቃሉ፤ ኳስና ግፊያ ያለበት ጨዋታ ከዚያም በላይ። አብዛኛው እብጠት በሦስት ወር ገደማ ይቀንሳል። የአፍንጫ ጫፍ ግን የመጨረሻው ነው፤ ትክክለኛ ቅርጹን ለመያዝ አንድ ዓመት ይፈጃል፤ ቆዳው ወፍራም የሆነ ሰው ላይ ደግሞ ከዚያም ያልፋል። ጫፉ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ሊደነዝዝ ይችላል። ጠዋት አብጦ ማታ ይጎድላል። ሐኪሞች ዓመት ሳይሞላ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ለማድረግ የማይቸኩሉት በዚህ ምክንያት ነው፤ ያልረጋን ነገር ማስተካከል አይቻልም።

አዳማን የሚያውቅ ደግሞ ነፋሷንና ፀሐይዋን ያውቃል። ከከተማዋ አጠገብ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች በከንቱ አልተተከሉም። አቧራው ቁስሉን ያደርቃል፣ ያሳክካል፤ ፀሐይ ደግሞ እብጠቱን ታቆያለች፣ ቆዳውንም ታጠቁራለች። ስለዚህ ቀትር ላይ አትወጣም፤ ስትወጣ ጥላ ትይዛለች። ኒቃብ ለምትለብስ እህት አንድ ምክር አለን፦ ኒቃቡ ከአቧራ ይከላከላል፤ ማሰሪያው ግን የአፍንጫ አጥንት ላይ ማረፍ የለበትም፣ ግንባር ላይ ይሁን። መነጽርም እንዲሁ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት አፍንጫ ላይ አይጫን።

ወንድሞችም ከዚህ ምክር ውጭ አይደሉም። በኳስና በባጃጅ አደጋ አፍንጫቸው የተሰበረ ብዙ ወንዶች አሉ። ለእነሱ የምንለው ሲጋራና ሺሻ ትናንሽ የደም ሥሮችን አጥብበው ቁስል እንዳይሽር ያደርጋሉ። ጫት የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ትኩስ ቁስል ላለበት ሰው ደግሞ ይህ ለመድማት በር መክፈት ነው። ለመተው ሰበብ ስትፈልግ የነበርክ ወንድም፣ ይኸው ሰበብ!

የሰው ምላስ

ከቁስሉ ይልቅ ያቆሰላት የጠያቂ ወሬ ነው። አንዷ «ታዲያ ለውጡ የታለ?» አለቻት። ሌላዋ «ፈረንጅ ልትሆኚ ነው?» አለች። ሦስተኛዋ ከበር ሳትወጣ «አላህ የሰጣትን ጠልታ ነው» ስትል ሰማናት። በሽተኛ መጠየቅ ሙስሊም በሙስሊም ላይ ካለው ሐቅ አንዱ ነው፤ ጊባ ግን የዚያ ሐቅ አካል አይደለም። የሰውን ኒያ አላህ እንጂ ጎረቤት አያውቀውም። ለጠያቂ የሚበቃው «አላህ ያሽርሽ» ብሎ ዱዓእ ማድረግ ነው።

ከሁሉም ደግሞ ስልኩ ነበር። በየጠዋቱ ፎቶ እያነሳች ከትናንቱ ታስተያያለች። ሚሊሜትር ለማታህል ለውጥ ስትስቅም ስታዝንም ትውላለች። በአንደኛው ወር መጨረሻ ላይ በስምምነት አንድ ነገር አደረግን፤ ፎቶ በወር አንድ ጊዜ ብቻ፣ በተመሳሳይ ቦታና ብርሃን። ከዚያ በኋላ እንቅልፏ ተመለሰ። በየሰዓቱ መስታወት የሚያይ ሰው መዳኑን ማየት አይችልም፤ መዳን እንደ በቆሎ ነው፣ አጠገቡ ቆመህ ሲያድግ አታየውም።

ረመዳን በአምስተኛው ወር ገባ። ሐኪሙ ያዘዘላት የአፍንጫ መርጪያ ጾም ያፈርስ ይሆን ብላ ተጨነቀች። በዑለማዎች መካከል ልዩነት ያለበት ጉዳይ ነው። የፊቅህ አካዳሚው እ.ኤ.አ. በ1997 ጅዳ ላይ ባሳለፈው ውሳኔ ግን ወደ ጉሮሮ የደረሰውን እስካልዋጠች ድረስ ጾሟን አያፈርስም። ቀዶ ሕክምናው ረመዳን ዋዜማ ላይ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያዎቹን ቀናት በመድኃኒት ምክንያት ማፍጠርና ቀዷእ ማውጣት ይኖርባት ነበር። ቀን ስትቆርጡ የጾሙን ወር አስሉ።

ለሚያስብበት ሰው

አሁን ዓመቱ ሞልቷል። አፍንጫዋ መስመር እንደተሰመረበት ቀጥ አላለም፤ ልብ ብሎ ላየው ጥቂት ያዘነብላል፤ ሐኪሙም ቀድሞውኑ ፍጹም ይሆናል አላለም። በሁለቱም ቀዳዳ ግን ትተነፍሳለች። አፏን ዘግታ ትተኛለች። ለእኛ ትልቁ ለውጥ ይህ ነው፤ እሷም እንደዚያው ትላለች።

ከዚህ ዓመት የቀሰምነውን እንዲህ እናስቀምጠው።

1. ኒያችሁን ለዩ፤ ለዓሊምም ለሐኪምም እውነቱን ንገሩ። ጤነኛ አፍንጫ ያላችሁ ደግሞ፣ አላህ በሰጣችሁ መልክ ማመስገን ከሁሉም ቀላሉ መንገድ ነው፤ መደገፊያም ትራስም አያስፈልገውም።

2. የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ወይም የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ስፔሻሊስት ሐኪም ዘንድ እንጂ የውበት ሳሎን አትሂዱ።

3. ክትትሉን አስቡ። ቀጠሮው በሳምንት፣ በወር፣ በሦስት ወር እያለ እስከ ዓመት ይሄዳል። ከአዳማ አዲስ አበባ በፍጥነት መንገዱ ቅርብ ነው። ኢስታንቡል ሄዶ በሳምንትና በአሥር ቀን የሚመለስ ሰው ግን ከፊቱ አሥራ አንድ ወር ሐኪሙን ትቶ ነው የሚመጣው። ለትኬት ብቻ ሳይሆን ለዚያ ጊዜም አስቡ።

4. እናንተ ወይም ቤተሰባችሁ ቁስል ሲድን ጠባሳው እየወፈረ የሚያድግባችሁ ከሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

5. የማይቆም መድማት፣ ትኩሳት፣ መግል፣ እየባሰ የሚሄድ ሕመም፣ የዓይን ብዥታ፣ ወይም እንደ ውሃ የጠራ ፈሳሽ ከአፍንጫ ከመጣ ነገ አትበሉ፤ በዚያው ሰዓት ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

6. ሠርግ ወይም ኒካሕ ደርሶ በሁለት ወር ውስጥ «ለማማር» አትግቡበት። የሠርጉ ቀን የሚታየው እብጠቱ ነው።

ሐኪም ይቀዳል፣ ይሰፋል፤ የሚያሽረው ግን አላህ ነው፤ እሱም በራሱ ጊዜ። ያን ጊዜ መጠበቅ የሚችል፣ ምክንያቱም የጠራለት ሰው ይታከም። መጠበቅ የማይችል ሰው ችግሩ አፍንጫው ላይ መሆኑን መልሶ ይጠይቅ።

አላህ (ሱ.ወ) ሕሙማኖቻችንን በሙሉ ያሽርልን። ፍጥረታችንን እንዳሳመረ ስነ ምግባራችንንም ያሳምርልን። ግንባራችንንና አፍንጫችንን ለእርሱ ብቻ የሚሰግዱ ያድርግልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።